ፈቃድ ወጥቼ ጨጓራዬን አስቆርጬ ብመለስስ? (ሠራዊት ውስጥ ያላችሁ ወይም የነበራችሁ፣ እባካችሁ)

ሃምሳ_ድሬ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ናችሁ የድሬ ልጆች። ስሜን አልጽፍም፤ ምክንያቱ ይገባችኋል። ሠራዊት ውስጥ ነኝ፣ ሃምሳ አለቃ። ዕድሜዬ 34፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ72፣ ክብደቴ 118 ኪሎ። የተመዘንኩት ሳቢያን አንዲት ፋርማሲ በር ላይ ነው። ልጅቷ ቁጥሩን አይታ ሌላ ደንበኛ ያለ ይመስል ዞር አለች።

ስቀጠር 67 ኪሎ ነበርኩ። ሜዳ ላይ እያለሁ አልወፈርኩም። የወፈርኩት ግምጃ ቤት ከተመደብኩ ወዲህ ነው። ቀን ወንበርና መዝገብ፣ ማታ ጫት፣ ጫቱ ሲበርድ ደግሞ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ፉል በሁለት ዳቦ። ስኳር ከተገኘብኝ ሁለት ዓመት አለፈው። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ይጮሃል። በጠዋት ስፖርት ከኔ ኋላ ሰው የለም፤ የፊተኞቹን አቧራ ነው የምበላው። አዲስ ገቢ ልጆች ሳይቀሩ «ሃምሳ አለቃ፣ ቀስ ይበሉ» ይሉኛል። በአክብሮት ነው የሚሉት። ያ ነው የሚያመው።

ታላቅ እህቴ ጀርመን ናት። «ገንዘቡን እልክልሃለሁ፣ አዲስ አበባ የግል ሆስፒታል ገብተህ የውፍረት መቀነሻ ቀዶ ጥገናውን ተሠራ» አለችኝ። ሐሳቤ ይኼ ነው፦ የዓመት ፈቃዴን እወስዳለሁ፣ እሠራለሁ፣ ድምፄን አጥፍቼ እመለሳለሁ። ከሳህ ሲሉኝ «ስፖርት» እላለሁ። ያያችሁ፣ የምታውቁ፣ ምን ትላላችሁ?

አሸዋ_ሜዳ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡58

አቦ! መጀመሪያ የሌሊቱን ፉል ተው እስቲ። ቢላ ከመጣ በኋላ ፉሉም አይኖር። ሙሸበክ ትበላለህ ደግሞ፣ ደብቀኸን ነው እንጂ።

ሃምሳ_ድሬ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

እበላለሁ። ትኩሱን፣ ሽሮፑ ሲንጠባጠብ። ምን ልዋሽ።

ቀፊራ_ነኝ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

ወንድሜ፣ እኔ ወታደር አይደለሁም፤ ቀፊራ ጨርቅ ነው የምሸጠው። ግን እዚህ ቤት ተሠርታ የምታውቅ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፣ ስለዚህ ልጻፍልህ። ከአራት ዓመት በፊት ሕንድ ሄጄ ነው የተሠራሁት። 124 ኪሎ ነበርኩ፣ ዛሬ 84 ነኝ።

የኔ «ስሊቭ» የሚሉት ነው። ጨጓራህን በቁመቱ ይቆርጡትና ከአምስት እጅ አራቱን ገደማ አውጥተው ይጥሉታል። የሚቀርልህ ሙዝ የመሰለ ቱቦ ነው። የተጣለው አይመለስም። «ካልተስማማኝ አስመልሰዋለሁ» የሚባል ነገር የለም። ረሃብ የሚቀሰቅሰው ሆርሞን በብዛት የሚመረተው እዚያ በሚጣለው ክፍል ስለሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ረሃብ ራሱ ይጠፋብሃል። ይኼ ደስ ይላል። የቀረውን ስማ።

ለመጀመሪያው ወር ጓደኛዬ የቡና ሲኒ ነበር። ብርጭቆ ቀረ። አንድ ሲኒ የተጠለለ አጥሚት ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል፣ ያውም በሻይ ማንኪያ። ቤቴ ከገባሁ በሦስተኛው ቀን የድሬ ሙቀት በረታብኝና ውሃ ጎንጨት አልኩ። አንድ ጉንጭ። ደረቴ መሃል ድንጋይ የተቀመጠ መሰለኝ። ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ፤ ላቤ ከአገጬ ሲንጠባጠብ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ወዲህ ጎንጭቼ አላውቅም።

ሁለት ሳምንት ፈሳሽ ብቻ። ከዚያ የተፈጨ። ከዚያ ለስለስ ያለ። እንጀራ የቀመስኩት በሦስተኛው ወር ነው፤ ያውም ጠርዙን። ምግብና ውሃ አብረው አይሄዱም፤ ከበላህ በኋላ ግማሽ ሰዓት ትጠብቃለህ። ጉርሻ የለም። አማቴ ልታጎርሰኝ እጇን ስትዘረጋ ብመልስባት አንድ ሳምንት አኮረፈችኝ። በአራተኛው ወር ፀጉሬ በእፍኝ ይወጣ ጀመር፤ በኋላ ተመልሷል። ቫይታሚኑን እስከ ዛሬ እውጣለሁ፣ እስክሞት እውጣለሁ።

አሁን አስበው። ሱቅ ስላለኝ በየሁለት ሰዓቱ ሲኒዬን ከባንኮኒው ሥር አወጣ ነበር። አንተ ሜስ ውስጥ፣ ተሰልፈህ፣ አሥር ደቂቃ ተሰጥቶህ፣ ሳህንህ ላይ ተራራ ተከምሮ፣ ምን ልታደርግ ነው? ከአጠገብህ የሚበላው ጓድህ ዓይን የለውም?

ሃምሳ_ድሬ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡31

እህቴ፣ ስለ ሜስ አላሰብኩም ነበር። እውነቴን ነው። ያሰብኩት ስለ ቢላው ብቻ ነው።

ነምበር_ዋን | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ፈጣሪ የሰጠህን ጨጓራ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ቆርጦ መጣል ምን የሚሉት ነው? ወታደር ሆዱን መቆጣጠር ካቃተው ጠመንጃውን እንዴት ሊቆጣጠር ነው። ተራመድ። የደንገጎን ዳገት በእግርህ ውጣ።

ሲስተር_ከሐረር | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡20

ነምበር ዋን፣ ደንገጎን 118 ኪሎ ተሸክመህ ራስህ ውጣና ጉልበትህን አሳየን። ውፍረት የወኔ ማነስ አይደለም። ይኼን ትቼ ወደ ጥያቄው።

ሃምሳ አለቃ፣ ሐረር ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነኝ፣ ቀዶ ጥገና ክፍል። ቁመትህንና ክብደትህን ሳሰላው ቢኤምአይህ (ክብደት ከቁመት አንጻር የሚለካበት ቁጥር) 39.9 መጣ። ለብዙ ዓመት ሐኪሞች ይዘውት የነበረው መለኪያ እ.ኤ.አ. የ1991 የአሜሪካ ስምምነት ነው፤ 40 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም እንደ ስኳር ያለ ተጓዳኝ በሽታ ካለ 35። እ.ኤ.አ. በ2022 የሙያ ማኅበራቱ ዝቅ አደረጉት፤ 35 ከሆነ በሽታ ባይኖርም፣ ስኳር ካለ ደግሞ ከ30 ጀምሮ ይታሰባል። ስለዚህ ከሕክምናው በኩል ጥያቄህ የቅንጦት አይደለም። እንዲያውም ስኳር ያለበት ሰው በዚህ ቀዶ ጥገና ብዙ ጊዜ ከማንም በላይ ይጠቀማል።

የሚያስፈራኝ «ድምፄን አጥፍቼ» ያልከው ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ስኳርህ ከተሠራህ በቀናት ውስጥ ሊወርድ ይችላል፣ ኪሎው ገና ሳይቀንስ። ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን የምትወስድ ከሆነና መጠኑን የሚያስተካክልልህ ሐኪም ከሌለ፣ ጥበቃ ላይ ቆመህ ስኳርህ ወርዶ ትወድቃለህ። ጠመንጃ ይዘህ።

ሁለተኛ፣ ጉልበትህ ያምሃል አልክ። እንግዲያው ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ትውጣለህ ማለት ነው። ወታደርና ዲክሎፌናክ እኮ ወንድማማች ናቸው፤ ካምፕ ክሊኒክ ገብተህ ሳይሰጡህ አትወጣም። ባይፓስ (ጨጓራን አሳንሶ ከአንጀት ጋር የሚያገናኘው ሌላው ዓይነት) የተሠራ ሰው ግን ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አይነካም፤ የተሰፋው ቦታ ላይ ቁስለት ያመጣበታል። ስሊቭም ቢሆን እንደ ቀልድ አይወሰድም። መሠራትህን የማያውቅ የጤና ረዳት በቅንነት ይሰጥሃል። አንተም እንዳይታወቅብህ ትቀበለዋለህ።

ሦስተኛ፣ የተሰፋው ሊያፈስ ይችላል። ከመቶ ሰው አንድ ገደማ ላይ ነው የሚደርሰው፤ አንዳንዴም ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ፣ ቤትህ ገብተህ «ዳንኩ» ስትል። ልብህ ሳትሮጥ በደቂቃ ከ120 በላይ ይመታል፣ ትኩሳት ይመጣል፣ የግራ ትከሻህን ያምሃል። ያኔ ራስህን ስተህ ድንገተኛ ክፍል ብትደርስና ያመጡህ ጓዶችህ ምንም ባያውቁስ? እኛ እንደማንኛውም የሆድ ሕመምተኛ በአፍንጫህ ቱቦ ልንከት እንችላለን። አዲስ የተሰፋን ጨጓራ ሳያዩ የሚገባ ቱቦ ሊበሳው ይችላል።

ደግሞ ጫቱን ለሰመመን ሰጪው ንገረው። ጫት የልብ ምትና ደም ግፊት ይጨምራል። «አልቅምም» ብሎ ተኝቶ ጠረጴዛ ላይ ግፊቱ ጣሪያ የነካ ሰው አይቻለሁ። በሐረርጌ ይኼን ያልጠየቀ ሐኪም ካለ እንግዳ ነው።

አሸዋ_ሜዳ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡44

ሲስተር፣ «ጠመንጃ ይዘህ» ስትዪ ፉሌ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ድሬ_በስደት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡50

ሰላም ወገን። ለገሃር ነው ያደግሁት፤ አሁን አሜሪካ ጦር ውስጥ ነኝ፣ ዘጠኝ ዓመቴ። የኛን ሕግ ወደዚያ ገልብጣችሁ አትውሰዱት፤ አገሩም ሕጉም ሌላ ነው። ግን ችግሩ አንድ ስለሆነ ልንገራችሁ።

እዚህ ወገብህን በሜትር ይለኩሃል። ድሮ አንገትም ይለኩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ግን በእምብርት ዙሪያ ብቻ ሆነ። እኔ በተለካሁበት ጊዜ ከ28 እስከ 39 ዓመት ያለ ወንድ የሰውነት ስቡ ከ24 በመቶ ካለፈ «ፍላግ» ይደረግ ነበር። ፍላግ ማለት ዕድገት የለም፣ ኮርስ የለም። በወር ቢያንስ 1 በመቶ ስብ ወይም ከ3 እስከ 8 ፓውንድ እየቀነስክ ማሳየት አለብህ። ካልሆነ መጨረሻው ስንብት ነው። እኔም ሁለቴ ፍላግ ተደርጌያለሁ። ሰንበት ሲመጣ የእናቴን ዶሮ ሠርቼ እየበላሁ ነው የወፈርኩት፣ ብቻዬን፣ ድስቱን ሙሉ።

ቀዶ ጥገናውን ጠየቅሁ። የወታደሩ መድን ለሚስቴ ቢሆን ይከፍል ነበር፤ ቢኤምአይዋ 40 ከሆነ፣ ወይም 35 ሆኖ ተጓዳኝ በሽታ ካላት። ለኔ፣ ለመደበኛ ወታደሩ፣ አይከፍልም። ምክንያታቸው አንድ ነው፤ የትም ዓለም ልንልክህ ይገባል ይላሉ። ተሠርቶ መቀጠርም በራሱ የሚከለክል ታሪክ ነው፤ ልዩ ፈቃድ ካላገኘ አይገባም። መጀመሪያ ተናደድኩ። በኋላ የሜዳ ራሽናችንን አየሁት። አንዱ ፓኬት በአማካይ 1,250 ካሎሪ ነው። ሁለት ሲኒ የሚይዝ ጨጓራ ያለው ሰው 35 ፓውንድ ተሸክሞ 12 ማይል እየሄደ ያን መቼ ይበላዋል? ውሃውንስ መቼ ይጠጣል?

አንድ የማውቀው ልጅ ግን በራሱ ገንዘብ ሜክሲኮ ሄዶ ተሠርቶ መጣ። ሳይናገር። በስድስት ወር ወገቡ ጠበበ፣ ሁሉም አጨበጨበለት። ቫይታሚን ማስቀጠል ነበረበት፤ ክሊኒካችን እንዳይጠይቀው ብሎ ተወው። በዓመት ከመንፈቁ እግሩ ይደነዝዝ ጀመር፤ ቢ12 አልቆበት ነው። ያኔ ተናገረ። ከመሠራቱ ይልቅ መደበቁ ነው ጣጣ ያመጣበት።

ቦርድ_የወጣሁ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡05

ልጄ፣ እኔ 22 ዓመት አገልግዬ በቦርድ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስለ ጨጓራ ማስቆረጥ የማውቀው የለም። ስለ መደበቅ ግን አውቃለሁ።

ቡአ ነበረብኝ። ቦርድ እንዳልወጣ ፈርቼ ለማንም አልተናገርኩም። ፈቃድ ወጣሁና አንድ የግል ክሊኒክ ተሠራሁ። «ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር እንዳታነሳ» አሉኝ። ፈቃዴ ያለቀው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ተመልሼ በአራተኛው ቀን የጥይት ሣጥን ጭነት መጣ። ሃምሳ አለቃ ነበርኩ እንዳንተ። ልጆቹ እያነሱ እኔ ቆሜ ልይ? «አሞኛል» ልበል? ምን አሞህ ሊሉኝ ነው? አነሳሁ። ሦስተኛው ሣጥን ላይ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማ ድምፅ ሰማሁ። ሌላ ሰው የሰማው አልመሰለኝም። ሱሪዬ ሞቀኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለቴ ተሠርቻለሁ። መዝገቤ ላይ የመጀመሪያው ስላልነበረ ሐኪሙ ጠባሳውን አይቶ «ይኼ ማን የሠራው ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የፈራሁት ቦርድ መጣ፣ ያውም በባሰ መንገድ። ፈቃድህ ስንት ቀን ነው? ይኼ ቀዶ ጥገናስ ሸክም ላለማንሳት ስንት ሳምንት ይፈልጋል? መጀመሪያ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፍ።

ሲስተር_ከሐረር | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ በአሥር አንቀጽ ያላስረዳሁትን እርስዎ በሦስት ሣጥን ጨረሱት። ለዚህም ቀዶ ጥገና አብዛኛው ሐኪም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሸክም ይከለክላል። ቀዳዳዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ሰው «ምንም አልሆንኩ» ይላል። ውስጡ ግን ረጅም ስፌት ነው።

የሳቢያን_ሙሽራ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡00

ጥያቄ አለኝ። ጾምስ? ባለቤቴ ለዚሁ እያሰበ ነው፤ ረመዳን አንድ ቀን አምልጦት አያውቅም።

ሲስተር_ከሐረር | ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡25

እህቴ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት አይሆንም። ሙሉ ቀን ሳይጠጣ ውሎ መግሪብ ላይ የጎደለውን በአንዴ መተካት አይችልም፤ ጨጓራው አይቀበልም። ውሃ ጎድሎበት ይወድቃል፣ በድሬ ሙቀት ደግሞ ቶሎ። ከሐኪሙ ጋር ይመካከር፤ ሼኹም ለታመመ ሰው ያለውን ያውቃሉ። ለክርስቲያኑም ሁዳዴ ፕሮቲን ያሳጣዋል። የተሠራ ሰው በቀን 60 ግራም ፕሮቲን ቢያንስ ይፈልጋል፤ በሽሮና በምስር ብቻ፣ ያውም በሲኒ ልክ፣ እሱን መሙላት ከባድ ነው። ደግሞ ሳያቋርጥ የሚያስታውከው ሰው ካለ «ያልፋል» ብላችሁ አትተኙ። ቫይታሚን ቢ1 ያልቅና አንጎል ይጎዳል።

ነምበር_ዋን | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡10

እሺ፣ ትናንት አበዛሁት። ይቅርታ ሃምሳ አለቃ። ግን ያ ሆድ ላይ የሚወጉት መድኃኒትስ? የአጎቴ ልጅ ከዱባይ አምጥቶ 14 ኪሎ ጣለ።

ሲስተር_ከሐረር | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡00

ሴማግሉታይድ ነው የምትለው። ይሠራል። በትልቁ ጥናት በ68 ሳምንት በአማካይ 15 በመቶ ገደማ ክብደት ቀንሷል። ለሃምሳ አለቃችን ወደ 18 ኪሎ ማለት ነው፤ ስሊቭ ደግሞ ሩብ ያህሉንና ከዚያም በላይ ሊያወርድለት ይችላል። ግን ሲያቆሙት ኪሎው አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ዋጋውም ሳያቋርጥ መክፈል ለሚችል ሰው ነው። ሌላው ነገር ፍሪጅ ነው። ሳይከፈት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ ከወጣ በኋላ ለጥቂት ሳምንት ይቆያል፣ ግን ከ30 ዲግሪ ማለፍ የለበትም። ግንቦት ላይ ድሬ ስንት ዲግሪ ነው? መብራት በሄደ ቁጥር መድኃኒቱን የት ልታስቀምጠው ነው? በሻንጣ ከዱባይ የመጣውማ በመንገድ ላይ ምን እንዳገኘው ማንም አያውቅም።

ሃምሳ_ድሬ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡45

ሁላችሁንም አነበብኩ። ሁለቴ። ጋሼ፣ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፍኳቸው። አልገጠሙም። የተረፈኝ ፈቃድ 18 ቀን ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። መደበቅ የፈለግሁት ቦርድ ፈርቼ ብቻ አይደለም። አፍሬ ነው። ቆስዬ ቢሆን እናገር ነበር። «ሆዴ አሸነፈኝ» ብሎ ለአለቃ መናገር ግን... ምን እንደምል አላውቅም።

ቦርድ_የወጣሁ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ለአለቃ አይደለም መጀመሪያ የሚነገረው። ለክፍልህ ሐኪም ነው። እሱ ከአንተ የባሰ ገላ አይቷል።

ቀፊራ_ነኝ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ሐኪሙ ጋ ከመሄድህ በፊት ደግሞ አንድ ቀን ሞክረው። ቢላ የለ፣ ወጪ የለ። ከጠዋት እስከ ማታ በቡና ሲኒ ብቻ ብላ፣ በሻይ ማንኪያ፣ ውሃውን ለየብቻ። የስኳር መድኃኒት ስለምትወስድ ግን ሙሉ ቀን እንዳትጾም፤ ሲስተርን ጠይቅ።

ሲስተር_ከሐረር | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4፡12

የምትወስደው ሜትፎርሚን ብቻ ከሆነ ሞክረው፤ ግሊቤንክላማይድ ካለበት አትሞክረው። ካዞረህ አቁመህ ብላ።

ሃምሳ_ድሬ | ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ፣ ከቀኑ 10፡15

ጠፋሁባችሁ፣ ሥራ ነበር። ዜናው ይኼው።

ሐኪሙ ጋ ገባሁ። በር ላይ ሁለቴ ተመልሻለሁ፤ ሦስተኛው ላይ ከውስጥ ወጥቶ «አንተ፣ ትገባለህ ወይስ በሩን ልትጠብቅ ነው?» አለኝ። ነገርኩት። አልሳቀም። ጉልበቴን አየ፣ ስኳሬን ለካ፣ ስለ ዲክሎፌናክ ጠየቀኝ። በቀን ሁለት እንደምውጥ ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ቀዶ ጥገናውን አይሆንም አላለኝም። «መዝገብህ ላይ እጽፈዋለሁ፣ ከፍ ያለ ሐኪም ያይሃል፣ ከተወሰነም የሕመም ፈቃድ ይዘህ ነው እንጂ በዓመት ፈቃድ ተደብቀህ አይደለም» አለ። እስከዚያ የሦስት ወር ሥራ ሰጠኝ። ሌሊት ፉል የለም። ጫቱን ለመተው ቃል አልገባሁም፤ ከሳምንት ሁለት ቀን አልኩት። «ሁለት ቀን ጻፍኩ» አለኝ። ዛሬ ያችው ፋርማሲ ተመዘንኩ፤ 115 ከግማሽ። ልጅቷ ዛሬም ዞር አለች።

እህቴ ቀፊራ፣ የሲኒውን ነገር ሞከርኩት፤ መድኃኒቴ ሜትፎርሚን ብቻ ነው። ባለቤቴ ሽሮ አቅጥና ሠራችልኝ። ጠዋት አንድ ሲኒ፣ 35 ደቂቃ። 4 ሰዓት ላይ አንድ ሲኒ። ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ «አባዬ ቡና እየበላ ነው» ይላል። 7 ሰዓት ሲሆን ባለቤቴ ለልጆቹ ትሪ አቀረበች። እጄ ብቻውን ሄደ። ወላሂ፣ እኔ አላዘዝኩትም። ሲኒው ወድቆ ተሰበረ።

ቀፊራ_ነኝ | እሁድ፣ ከቀኑ 10፡40

እስከ ምሳ ከቻልክ ደህና ነህ። እኔ በሁለተኛው ሲኒ ነበር ያለቀስኩት። ና ቀፊራ፣ ከሱቄ ጎን ስድስቱን በአንድ ካርቶን ይሸጣሉ። ገና ብዙ ትሰብራለህ።

አሸዋ_ሜዳ | እሁድ፣ ከቀኑ 10፡52

የተረፈህን ሙሸበክ ደግሞ ወደ አሸዋ ላከው አቦ።